በጋቢው ውስጥ ሰው አለ

ባለፈው ዕረፍት አገር ቤት ስሄድ አያቴን ከነጋቢያቸው በዘይት ቀለም ለመሣል ተነሣሁ። ፊታቸው ላይ ሁለት ቀን ለፋሁ። ጋቢውን ግን «ነጭ አይደል፣ ምን ችግር አለው?» ብዬ ነጭ ቀለም ለቀለቅሁበት። አያቴ ሥዕሉን አይተው፣ «ጋቢውስ ደህና ነው፤ እኔ የት ገባሁ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ጥጥ ክምር ላይ ጭንቅላት የተቀመጠ ይመስላል።

ስሕተቱ ከምን መጣ? በመጀመሪያ ደረጃ፣ ለጨርቅ ቅርጽ የሚሰጠው ውስጡ ያለው ገላ ነው። እጥፋቶቹ ከትከሻ፣ ከክርንና ከጉልበት ተነሥተው ይወርዳሉ። ስለዚህ አስቀድሞ ገላውን በከሰል መንደፍ፣ ከዚያ ማልበስ ነው። የጨርቁም ዓይነት ይለያል። ነጠላ ሁለት ድርብ ስለሆነ እጥፋቱ ስስና ብዙ ነው። ጋቢ ግን አራት ድርብ በመሆኑ እጥፋቱ ወፍራምና ጥቂት ነው። ጥለቱም ከእጥፋቱ ጋር ይገባል ይወጣል እንጂ በማስመሪያ አይሰመርም።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ነጭ ልብስ ነጭ ብቻ አይደለም። እስቲ ዓይናችሁን ጨፈን አድርጋችሁ እዩት! ጥላው ግራጫ ሆኖ ወደ ሰማያዊ ወይም ወደ ቡናማ ያደላል፤ አንገት አጠገብ ደግሞ የፊት መልክ ያርፍበታል። ንጹሕ ነጭ የሚቀመጠው ብርሃን በደንብ ለመታው ጥቂት ቦታ ብቻ ነው።

በሦስተኛ ደረጃ የቀለሙን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። የዘይት ቀለም በአብዛኛው የሚለወሰው በተልባ ዘይት ነው። ዘይቱ እንደ ውሃ አይተንም፤ ከአየር ኦክሲጅን እየወሰደ ስለሚጠነክር ለመድረቅ ቀናት ይፈጃል። ይህም ጥላንና ብርሃንን ቀስ ብሎ ለማዋሐድ ይጠቅማል። የመጀመሪያው ቅብ በተርፔንታይን የቀጠነ፣ የላይኛው ዘይት የበዛበት ይሁን። ከተገላበጠ ቀለሙ ውሎ አድሮ ይሰነጠቃል።

አንድ ችግር ይቀራል፤ የሚሣለው ሰው ብድግ ሲል እጥፋቱ ይፈርሳል። ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ (1452-1519 እ.ኤ.አ.) ለዚህ ዘዴ ነበረው። ቫሳሪ የተባለው ጸሐፊ እንደሚተርከው፣ ሊዮናርዶ ጨርቅ በጭቃ ነክሮ ከሸክላ የሠራውን ምስል ያለብስና እጥፋቱን በትዕግሥት ይሥል ነበር።

አያቴም ብዙ መቀመጥ ያደክማቸዋል። ስለዚህ ፊታቸውን፣ እጃቸውንና የዋና ዋናዎቹን እጥፋቶች ንድፍ እሳቸው ተቀምጠው እሠራለሁ። የቀረውን ጋቢውን ወንበርና ትራስ አልብሼ እጨርሳለሁ። በሚቀጥለው ዕረፍት ሥዕሉን አይተው «አዎ፣ አሁን አለሁ» ካሉኝ፣ ያኔ ተምሬአለሁ ማለት ነው።