«ዕድሜ ነው» ተብሎ የማይታለፍ የደም ግፊት

በአዲስ አበባ ከቀበና እስከ እንጦጦ ጋራ ባሉት መንደሮችም ሆነ በገጠር፣ አንድ አዛውንት የደም ግፊታቸው ከፍ ማለቱ ሲነገራቸው «ዕድሜ ነው» ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። ይህ አባባል ግን ብዙ ወገኖችን ለጉዳት የሚዳርግ በመሆኑ፣ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ጉዳዩን ጠንቅቀው ሊያውቁት ይገባል።

እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 64 ዓመት ከሆኑት የአዲስ አበባ ነዋሪዎች መካከል ከ100ው 30 ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት ነበረባቸው። በመሆኑም በሽታው የሽማግሌ ብቻ አይደለም።

በተለምዶ «ደም ብዛት» ቢባልም፣ ችግሩ የደም መብዛት ሳይሆን ደሙ የደም ሥርን ግድግዳ የሚገፋበት ኃይል ማየል ነው። ልብ ስትጨመቅ የሚለካው የላይኛው ቁጥር፣ ስታርፍ የሚለካው ደግሞ የታችኛው ቁጥር ይባላል።

የላይኛው ቁጥር በአራስ ሕፃን 70፣ በ10 ዓመት ልጅ ደግሞ 100 ገደማ ነው። ለአዋቂ ሰው ከ120 በታች፣ የታችኛውም ከ80 በታች ቢሆን መልካም ነው። በተለያዩ ቀናት ተለክቶ የላይኛው 140፣ ወይም የታችኛው 90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በሽታ ነው። በዕድሜ መግፋት የደም ሥር ስለሚደድር የላይኛው ቁጥር ከፍ ይላል። ቀድሞ «ዕድሜ ሲደመር 100 ጤናማ ነው» ይባል የነበረው ግን ስህተት መሆኑ ተረጋግጧል። የተለመደ ሁሉ ጤናማ አይደለምና።

ይህ በሽታ አብዛኛውን ጊዜ ሕመም ሳያሰማ ቆይቶ ልብንና ኩላሊትን ይጎዳል፤ በአንጎል ላይ በሚያደርሰው አደጋም ግማሽ አካልን ሽባ ያደርጋል። በነፍሰ ጡር ሴት ላይ ሲታይ የእናትንም የልጅንም ሕይወት የሚያሰጋ በመሆኑ ጊዜ አይሰጥም።

የእንጦጦን ዳገት እንጨት ተሸክሞ የወጣ ወይም ቡና የጠጣ ሰው ወዲያው ቢለካ ቁጥሩ ሊያሳስት ይችላል። ስለዚህ ቡና ከጠጡ ግማሽ ሰዓት ቆይቶ፣ ቢያንስ 5 ደቂቃ ተቀምጦ አርፎ፣ ክንድን በልብ ትይዩ አሳርፎ መለካት ያስፈልጋል።

ጨውን በቀን ከአንድ የሻይ ማንኪያ በታች ማድረግ፣ ከትምባሆ መራቅ፣ አልኮል መጠጥ መቀነስ ይጠቅማል። መድኃኒት የታዘዘለትም ሰው «ተሽሎኛል» ብሎ በራሱ ፈቃድ ማቋረጥ የለበትም።

መሪዎች በስብሰባ ቀን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችን ጋብዘው አባላትን ቢያስለኩ፣ ራሳቸውም ቀድመው ክንዳቸውን ቢዘረጉ፣ ብዙ ቤተሰብ ከድንገተኛ ሐዘን ይድናል።