ስለ ኤች አይ ቪ መድኃኒት አወሳሰድ ጥቂት ቃል

ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ

በዘንድሮው መጽሔታችን ላይ ስለ አንዲት እንክብል እጽፍ ዘንድ ያነሣሣኝ ምክንያት፥ በቤታችን ውስጥ በየማታው በ2 ሰዓት ይህችኑ እንክብል የሚውጡ አክስቴ መኖራቸው ነው። ስማቸውን እንዳልጠራ፥ ነገሩን ግን እንዳልደብቅ አዘውኛል፤ እኔም ስሜን ያልጻፍሁት ስለዚሁ ነው። ከዚህ በታች የማቀርበው ከእርሳቸው የሰማሁትን፥ ከጤና ባለሙያዎች ጠይቄ የተረዳሁትንና በባዮሎጂ ትምህርት ያገኘሁትን ነው እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ስለዚህ ማንም ሰው የእኔን ጽሑፍ አንብቦ ሐኪሙ ያዘዘለትን እንዳይለውጥ አስቀድሜ እለምናለሁ።

የዚህ ደዌ መንስኤ የሆነው ቫይረስ በፈረንሳይ አገር በፓስተር ተቋም የተገኘው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1983 ሲሆን፥ የመጀመሪያው መድኃኒት የተፈቀደው በ1987 ነው። ነገር ግን አንዱ መድኃኒት ብቻውን ሲሰጥ ቫይረሱ ብዙም ሳይቈይ ይለምደው ነበር። የብዙ ሰው ሕይወት መትረፍ የጀመረው ከ1996 ወዲህ ሦስት መድኃኒቶች ተጣምረው መሰጠት በጀመሩ ጊዜ ነው። በአገራችን መድኃኒቱ ያለ ክፍያ መሰጠት የጀመረው በ1997 ዓ.ም. ነው። አክስቴ የዛሬዋን እንክብል የሚወስዱት፥ የዓለም ጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2019 ቀዳሚ ምርጫ እንድትሆን ከመከረ በኋላ ነው። በውስጧ 300 ሚሊ ግራም ቴኖፎቪር፥ 300 ሚሊ ግራም ላሚቩዲንና 50 ሚሊ ግራም ዶሉቴግራቪር አሉ። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ትዋጣለች።

እነዚህ ሦስቱ ምን እንደሚሠሩ ለማስረዳት የብራና መጽሐፍ በሚገለብጥ ቁም ጸሐፊ ልመስለው። ቫይረሱ ወደ ደም ሕዋስ ሲገባ የራሱን ጽሑፍ በሕዋሱ ፊደል ይገለብጣል፤ ከዚያም የገለበጠውን ቅጠል በሕዋሱ መጽሐፍ መካከል ሰፍቶ ይጠርዘዋል። ከዚህ በኋላ ሕዋሱ የራሱን ሥራ ትቶ የቫይረሱን ቅጂ ሲያባዛ ይኖራል። ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን እውነተኛ ፊደል የሚመስሉ፥ ነገር ግን ሌላ ፊደል የማይቀጠልባቸው ሐሰተኛ ፊደላት ናቸው፤ ጸሐፊው ሳያውቅ አንዱን ሲያስገባ መስመሩ እዚያው ላይ ይቈረጣል። ዶሉቴግራቪር ደግሞ የጠራዡን መርፌ ይይዛል። ይሁን እንጂ ከዚያ በፊት ተጠርዘው ያለቁ፥ በሰውነት ውስጥ ተኝተው የሚቀመጡ ቅጂዎች አሉ፤ መድኃኒቱ እነርሱን አይደርስባቸውም። አንድ ሰው ጤንነት ስለ ተሰማው መድኃኒቱን ቢያቆም የተኙት የሚነቁት፥ መድኃኒቱም ዕድሜ ልክ የሚወሰደው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ ቁም ጸሐፊ እጅግ ችኩል ነው፤ ሲገለብጥ ብዙ ይሳሳታል። ከስሕተቶቹ መካከል አንዱ በአጋጣሚ መድኃኒቱን የሚቋቋም ሊሆን ይችላል። በደም ውስጥ ያለው መድኃኒት በቂ ሲሆን መገልበጡ ራሱ ስለሚቆም ስሕተትም አይኖርም። አንድ ቀን እየተዋጠ ሁለት ቀን እየቀረ መጠኑ ሲወርድ ግን፥ ተራው ቫይረስ ሲዳከም የሚቋቋመው ይባዛል። እንግዲህ ሰዓት መጠበቅ የሐኪሞች አጉል ጥብቅነት አለመሆኑ ከዚህ ይታወቃል።

ሰዓቱ ያለፈበት ሰው ባስታወሰ ጊዜ ወዲያው ይውሰድ፤ ለሚቀጥለው መዋጫ የቀረው ከ4 ሰዓት በታች ከሆነ ግን የረሳውን ትቶ በተለመደው ሰዓት ይቀጥል። ለምሳሌ አክስቴ የማታውን ረስተው ጠዋት በ1 ሰዓት ቢያስታውሱ ወዲያው ይውጣሉ። ያስታወሱት ከቀትር በኋላ በ11 ሰዓት ከሆነ ግን እስከ ማታው 2 ሰዓት ይታገሣሉ። ለማካካስ ብሎ ሁለት እንክብል በአንድ ላይ መዋጥ አይገባም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ ይኸውም የጨጓራ መድኃኒት ነው። በከተማችን ጨጓራውን የማያመው ሰው ማግኘት ጭንቅ ነው፤ አክስቴም ከነዚያው ናቸው። ከአንድ የመድኃኒት መደብር የሚታኘክ የጨጓራ ኪኒን ገዝተው፥ ከራት በኋላ ከዋናው እንክብል ጋር አብረው ሲወስዱ ወራት አለፉ። የሸጠላቸው ሰው ሌላ የሚወስዱት መድኃኒት እንዳለ አልጠየቃቸውም፤ እርሳቸውም ሰው በተሰለፈበት መስኮት ላይ ይህን መናገር አልፈለጉም። በእንዲህ ያሉ የጨጓራ ኪኒኖች ውስጥ አሉሚኒየምና ማግኒዚየም ይገኛሉ፤ እነዚህም ማዕድናት በሆድ ውስጥ ዶሉቴግራቪርን አጥብቀው ይይዙታልና ወደ ደም የሚገባው መጠን በጣም ይቀንሳል። ሰውዬው መድኃኒቱን በየቀኑ ሲውጥ ይኖራል፤ ነገር ግን እንዳልዋጠ ያህል ነው። ነገሩን ያወቀችው በቀጠሮ ቀን ሁሉንም መድኃኒት በከረጢት ይዘው እንዲመጡ ያዘዘቻቸው ነርስ ናት።

ደንቡ እንዲህ ነው፤ ዶሉቴግራቪር የሚዋጠው ከእንዲህ ያለው የጨጓራ ኪኒን 2 ሰዓት ቀድሞ ወይም 6 ሰዓት ዘግይቶ ነው። ስለዚህ እንክብሉን ማታ በ2 ሰዓት የሚውጥ ሰው የጨጓራውን ኪኒን ከቀትር በኋላ ከ8 ሰዓት እስከ ማታው 4 ሰዓት ድረስ አይነካም። ኦሜፕራዞል የተባለው የጨጓራ መድኃኒት በዚህ በኩል ችግር የለበትም። ለእርጉዝ ሴቶች የሚሰጠው የብረት ኪኒንና ካልሲየምም እንዲሁ ይይዙታል፤ ነገር ግን እነዚህን ከምግብ ጋር ከሆነ ከእንክብሉ ጋር በአንድነት መውሰድ ይቻላል፤ በባዶ ሆድ ከሆነ ያው የ2 እና የ6 ሰዓት ደንብ ይጠበቃል።

ሌሎችም አሉ። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ሪፋምፒሲን ዶሉቴግራቪርን ቶሎ ከሰውነት ስለሚያስወጣ፥ ሐኪሙ ከ12 ሰዓት በኋላ የሚዋጥ ሌላ 50 ሚሊ ግራም ያዛል። የሚጥል በሽታ ላለበት ሰው የሚሰጡት ካርባማዜፒን፥ ፌኒቶይንና ፌኖባርቢታልም እንዲሁ መጠኑን ይቀንሳሉ። የስኳር በሽተኛው ሜትፎርሚን ግን በተቃራኒው ራሱ በደም ውስጥ ይበዛል፤ ስለዚህ በቀን ከ1000 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ ይደረጋል።

ስለ ጾም ብዙ ሰው ይጠይቃል። ይህች እንክብል ከምግብ ጋርም ሆነ ያለ ምግብ ልትዋጥ ስለምትችል፥ ሰዓቷን ማታ ያደረገ ሰው በዐቢይ ጾምም ሆነ በረመዳን ከጾሙ ጋር አይጋጭበትም። ጠበልን በሚመለከት፥ ብዙዎች መድኃኒታቸውን ጥለው ወደ እንጦጦ ማርያም ይሄዱ በነበረበት ዘመን፥ ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉና መድኃኒቱ አብረው ሊወሰዱ እንደሚችሉ በአደባባይ ተናግረዋል። ይህን ያልሰማ ሰው ዛሬም አለ፤ ስለዚህ ወላጆቻችን ለጎረቤት ቢያሰሙልን ደስ ይለኛል።

መድኃኒቱ በራሱ ጠርሙስ ውስጥ፥ ክዳኑ ተገጥሞ፥ ከ30 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በማይበልጥ ሙቀት ይቀመጣል። በውስጡ ያለችው ትንሽ ከረጢት እርጥበት ለመምጠጥ ናትና አትዋጥም፥ አትጣልምም። ሰው እንዳያይባቸው እንክብሉን በወረቀት ጠቅልለው የሚይዙ አሉ፤ ፍርሃታቸው ይገባኛል፥ ነገር ግን እርጥበት ያበላሸዋል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴ በደረሰ ጊዜ ወደ ደብረ ብርሃን ስንሸሽ፥ አክስቴ ከቤት የያዙት መታወቂያቸውን፥ የሕክምና ካርዳቸውንና ጠርሙሱን ነበር። ዘጠኝ እንክብል ቀርቷቸው ነበር። ካርዱን ስላሳዩ በአራተኛው ቀን በሌላ ጤና ጣቢያ ተጨማሪ ተሰጣቸው። አብራን የሸሸች አንዲት ጎረቤታችን ግን ካርድም ጠርሙስም ሳትይዝ ወጥታ፥ ማንነቷ እንዳይታወቅ ስለ ፈራች ሳትጠይቅ ሁለት ወር ቈየች። ተመልሳ መድኃኒቷን ስትጀምር ሰውነቷ ከስቶ ልብሷ አይይዛትም ነበር።

መድኃኒቱ የሚያስከትላቸው ችግሮች በአብዛኛው ቀላል ናቸው፤ ራስ ምታት፥ ማቅለሽለሽ፥ እንቅልፍ ማጣትና የክብደት መጨመር ይታያሉ። እንቅልፍ የሚነሣው ሰው ከሐኪሙ ጋር ተማክሮ ሰዓቱን ወደ ጠዋት ማዛወር ይችላል። ሽፍታ ከትኩሳት ጋር፥ የፊት ማበጥ፥ ትንፋሽ ማጠር ወይም የዓይን ቢጫ መሆን ሲታይ ግን በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መሄድ ያሻል። ቴኖፎቪር አንዳንድ ጊዜ ኩላሊትን ስለሚጎዳ የደም ምርመራ ይደረጋል። ሄፓታይተስ ቢ የተባለው የጉበት በሽታ ያለበት ሰው መድኃኒቱን ከሌላው ይልቅ በድንገት ማቆም የለበትም፤ ቴኖፎቪርና ላሚቩዲን ያንንም ቫይረስ አፍነው የያዙ ናቸውና፥ ሲቆሙ ጉበቱ በብርቱ ሊታመም ይችላል።

መድኃኒቱ መሥራቱ የሚታወቀው በደም ውስጥ ያለው የቫይረስ መጠን ሲቈጠር ነው። ይህም ሕክምናው በተጀመረ በ6 ወር፥ በ12 ወር፥ ከዚያም በየዓመቱ ይደረጋል። ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ የደረሰና በዚያው የጸና ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ወደ ሌላው አያስተላልፍም። ቍጥሩ በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ1000 በላይ ከሆነ፥ ባለሙያው ሰውዬው እንክብሉን በምን ሰዓትና ከምን ጋር እንደሚወስድ አንድ በአንድ ይጠይቀዋል፤ ከሦስት ወር በኋላም ደሙ እንደ ገና ይመረመራል፤ ሐኪሙ መድኃኒቱን መለወጥ ይገባ እንደ ሆነ የሚወስነው ያን ሁለተኛ ውጤት አይቶ ነው።