የሽያጭ መዝገባቸውን በፓይተን ለሚያዘጋጁ ግብር ከፋዮች የቀረበ ማብራሪያ

በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ፣ በመርካቶ ከሸማ ተራ እስከ ምናለሽ ተራ የምትገኙ ነጋዴዎች የሽያጭ ዝርዝራችሁን በፓይተን በተጻፈ አጭር ፕሮግራም የምታጠቃልሉ ከሆነ፣ ከሁሉ አስቀድሞ ጥንቃቄ የሚሻው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ነው። መለያው 10 አሃዞች ያሉት ሲሆን ብዙውን ጊዜ በ00 ይጀምራል። ፕሮግራሙ እንደ ቁጥር ካነበበው የፊት ዜሮዎቹ ይወድቃሉ፤ 8 አሃዝ ብቻ የቀረው መለያ የማንም ስላልሆነ ሽያጩን ከገዢው ጋር ማገናኘት አይቻልም። ስለዚህ መለያው ከንባብ እስከ ጽሕፈት እንደ ጽሑፍ ሊያዝ ይገባል። የወደቁትን ዜሮዎች ፕሮግራሙ ራሱ ከፊት ሊሞላ ቢችልም ከደረሰኙ ጋር ማመሳከር የግድ ነው።

ፋይል ሲከፈት «ደብልዩ» የምትለዋ ፊደል ከተሰጠች የነበረው ይዘት ወዲያውኑ ይደመሰሳል፤ «ኤ» ከተሰጠች ግን የዕለቱ ሽያጭ ከቀድሞው በታች ይጨመራል። የዓመት መዝገብ የሚተርፈውም ሆነ የሚጠፋው በዚህች አንዲት ፊደል ነው። በመዝገቡ የአማርኛ ስሞች ካሉ ፋይሉ በዩቲኤፍ-8 እንደሚከፈት በግልጽ መጻፍ ያስፈልጋል።

የገንዘብ መጠን በሁለት ዴሲማል ይጻፋል። ለምሳሌ የ12,500 ብር ሽያጭ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ 1,875.00 ብር ነው። የሺህ መለያው ሰረዝ በወረቀት ለሚታተም ሪፖርት ተገቢ ነው፤ ዓምዶቹ በነጠላ ሰረዝ በሚለያዩበት የሲኤስቪ ፋይል ግን ይኸው መጠን 1 እና 875.00 ተብሎ በሁለት ዓምድ ሊነበብ ስለሚችል 1875.00 ተብሎ ይጻፍ።