አካልንና ኪነ ጥበብን መነሻ ያደረገ የምክር አገልግሎት፦ ከሥነ ልቦና ቁስለት በማገገም ረገድ ያለው ድርሻና ወሰን

መግቢያ

ከባድ አደጋ፣ ጥቃት ወይም ግፍ የደረሰበት ሰው ወደ አማካሪ ሲመጣ ብዙ ጊዜ በመጀመሪያ የሚናገረው ስለ ድርጊቱ አይደለም። የሚናገረው ስለ እንቅልፍ ማጣት፣ ስለ ራስ ምታት፣ ስለ ደረት መታፈንና ስለ ልብ ትርታ ነው። በንግግር ላይ ብቻ የተመሠረተ ምክር ይህን የአካል አቤቱታ ወደ ታሪኩ መግቢያ አድርጎ ያልፈዋል፤ አካልንና ኪነ ጥበብን መነሻ ያደረጉ ዘዴዎች ግን ሥራቸውን የሚጀምሩት ከዚያው ነው። ይህ ጽሑፍ የዘዴዎቹን አመጣጥ፣ አሠራርና ማስረጃ ያብራራል። ዘዴዎቹ ሊመዘኑ የሚገባውም ስሜትን ምን ያህል "እንዳስወጡ" በማየት ሳይሆን፣ ለተጎጂው የመጀመርና የማቆም ሥልጣኑን ምን ያህል እንደመለሱለት በማየት መሆኑን ያሳያል።

አመጣጥ

እንግሊዛዊው ሠዓሊ አድሪያን ሂል በሳንባ ነቀርሳ ታሞ በማገገሚያ ተቋም በነበረበት ጊዜ ሥዕል መሣል የሚሰጠውን ፋታ ተረድቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1942 "የሥነ ጥበብ ሕክምና" የሚለውን ስያሜ አስተዋወቀ። በዚያው ዓመት ሜሪያን ቼስ በዋሽንግተን በሚገኘው የቅድስት ኤልሳቤጥ የአእምሮ ሆስፒታል ከሕሙማን ጋር በእንቅስቃሴና በውዝዋዜ መሥራት ጀመረች። ፍሪድል ዲከር ብራንዳይስ ደግሞ በናዚዎች ወደ ቴሬዚን ጌቶ ተወስዳ በዚያ ለታጎሩ ሕፃናት ሥዕል አስተማረች። እርሷ በ1944 በአውሽዊትዝ ብትገደልም ወደ 4,500 የሚጠጉ የሕፃናቱ ሥዕሎች ተርፈዋል። ተማሪዋ የነበረችው ኢዲት ክሬመርም በአሜሪካ ከሥነ ጥበብ ሕክምና መሥራቾች አንዷ ለመሆን በቅታለች።

አሠራር

አደጋ ሲገጥም አሚግዳላ የተባለው የአንጎል ክፍል የማስጠንቀቂያ ሥርዓቱን ያነሣሣል፤ ልብ ይፈጥናል፣ ጡንቻ ይወጠራል፣ ትንፋሽ ያጥራል። በቁስለቱ በታወከ ሰው ላይ አደጋው ካለፈ በኋላም ይህ ምላሽ በድምፅ፣ በሽታ ወይም በንክኪ ሰበብ ይመለሳል። ራውክና ባልደረቦቹ በ1996 ባሳተሙት የአንጎል ምስል ጥናት፣ ስምንት ታማሚዎች የራሳቸው ታሪክ ሲነበብላቸው ብሮካ በሚባለው የንግግር አካባቢ የደም ዝውውር ቀንሶ ታይቷል። ጥናቱ አነስተኛ በመሆኑ ብቻውን መደምደሚያ አይሆንም፤ ሆኖም ተጎጂው "ቃል አጣሁ" ሲል የሚገልጸውን ሁኔታ ለመረዳት ፍንጭ ይሰጣል።

በአካል ላይ የሚሠራ አማካሪ ተገልጋዩ ውጥረቱን ለአፍታ እንዲያስተውልና ትኩረቱን ወዲያው ጸጥታ ወደሚሰማው የአካል ክፍል፣ ለምሳሌ መሬት ወደረገጠው እግሩ፣ እንዲመልስ ይረዳዋል። አተነፋፈስን ማዘግየት፣ በተለይም ወደ ውጭ መተንፈስን ማርዘም፣ በቬገስ ነርቭ በኩል የልብን ምት ያረጋጋል። ኪነ ጥበብ ደግሞ ትዝታውን ከሰውየው ውጭ ያስቀምጠዋል። የተሣለ ወረቀት ሊታጠፍ፣ ሊከደን ወይም በሌላ ቀለም ሊለወጥ ይችላል፤ ትዝታው ሳይጠራ ሲመጣ ግን ተጎጂው ይህ ምርጫ የለውም።

ማስረጃና ወሰን

ቫን ደር ኮልክና ባልደረቦቹ በ2014 ባሳተሙት ጥናት፣ ሕክምና ያልረዳቸው 64 ሴቶች በዕጣ በሁለት ተመድበው ለ10 ሳምንታት ተከታትለዋል። በመጨረሻ ከዮጋው ቡድን 31 ሴቶች 16ቱ፣ ከጤና ትምህርቱ ቡድን 29 ሴቶች ደግሞ 6ቱ የድኅረ ቁስለት መታወክን መስፈርት የማያሟሉ ሆነው ተገኝተዋል። በ2023 የታተመውና በ131 የቀድሞ የአሜሪካ ሠራዊት አባላት ሴቶች ላይ የተካሄደው ጥናት ዮጋን ከታወቀ የንግግር ሕክምና ጋር አነጻጽሮ ተቀራራቢ ውጤት አግኝቷል፤ እስከ መጨረሻው የዘለቁት ግን በዮጋው ቡድን ይበዛሉ። ያም ሆኖ የዓለም ጤና ድርጅት በ2013 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በቅድሚያ የመከረው በቁስለቱ ላይ ያተኮረ የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምናን እና በዓይን እንቅስቃሴ የሚታገዘውን ዘዴ ነው። ስለዚህ አካልንና ኪነ ጥበብን መነሻ ያደረጉት ዘዴዎች ለእነዚህ ደጋፊና መንገድ ጠራጊ እንጂ ተተኪ ተደርገው ሊቀርቡ አይገባም።

በአማርኛ ተናጋሪው ማኅበረሰብ

አማርኛ ሐዘንን በአካል ይናገራል፤ ሆድ ይብሳል፣ አንጀት ይቃጠላል፣ ልብ ይሰበራል። አማካሪው እነዚህን አነጋገሮች እንደ ዘይቤ ብቻ ከማለፍ "የባሰው ሆድዎ አሁን ምን ይሰማዋል?" ብሎ ቢጠይቅ ተገልጋዩ በሚያውቀው ቋንቋ ወደ አካሉ ይገባል። ማኅበረሰቡም ለሞት ሐዘን የአካልና የኪነ ጥበብ ሥርዓት አለው፤ ሙሾው፣ ደረት መምታቱ፣ ሰልስቱና የእድሩ ድንኳን ሐዘንተኛውን ከብቸኝነት ያወጡታል።

ይሁን እንጂ ለቅሶ የማይቀመጡለት ጉዳት አለ። የተደፈረች ሴት ድንኳን አይተከልላትም። ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ ሲመለሱ፣ በመካከላቸው በአሠሪ ቤት ወይም በማቆያ ግፍ የደረሰባቸው ነበሩ፤ ለእነርሱም የተዘጋጀ የሐዘን ሥርዓት አልነበረም። የምክር አገልግሎት እጅግ የሚያስፈልገው ባህሉ ዝም በሚልበት በዚህ ስፍራ ነው።

የባህል ቅርጽን ወደ ምክር ክፍል ማምጣትም ጥንቃቄ ይሻል። እስክስታ ትከሻንና ደረትን በሰው ፊት የሚያንቀሳቅስ በመሆኑ ጾታዊ ጥቃት ለደረሰባት ሴት መታየቱ ራሱ ሊያስጨንቃት ይችላል። እርሳስ ይዛ የማታውቅ እናት ሥዪ ስትባል ልትሸማቀቅ ትችላለች፤ ስፌት ወይም ጥልፍ ግን እጇ የሚያውቀው ነው፤ ያልወደደችውንም መፍታት ትችላለች። ዓይን መጨፈን ወይም ትንፋሽን መከታተል የሚያባብስባቸው ሰዎችም አሉ።

ከሁሉ በላይ አማካሪን ማክበር "እምቢ" ማለትን ያከብዳል። "አዎ" የሚለው መልስ ይሉኝታ እንጂ ፈቃድ ላይሆን ይችላል። በቁስለት ላይ የሚሠሩ የዮጋ አስተማሪዎች "እጅዎን ያንሡ" ከማለት "ከፈለጉ ማንሣት ይችላሉ፤ እንዳለ መተውም ይቻላል" የሚሉት፣ ሳይፈቀድላቸውም የማይነኩት ለዚህ ነው።

ማጠቃለያ

ጥቃት ከሰው የሚወስደው በገዛ አካሉ ላይ ያለውን ውሳኔ ነው። ስለሆነም ትንፋሽ፣ ሥዕል፣ ስፌት ወይም እንቅስቃሴ ፈዋሽ የሚሆነው ተጎጂው በፈለገው ጊዜ ሊያቆመው ሲችል ነው። በአማርኛ የሚሰጠውን አገልግሎት የሚያጠኑ ተመራማሪዎች የሕመም ምልክት መቀነሱን ከመመዘን ጎን ለጎን፣ ተገልጋዩ በክፍሉ ውስጥ "ይቅርብኝ" ለማለት መቻል አለመቻሉንም ሊመዝኑ ይገባል።