የአፍንጫ ሥጋ ቀዶ ሕክምና፦ ምን እንጠብቅ?

ከሐጅ ዩሱፍ በ2015 ዓ.ም. ጦርነት የወጣን ሁሉ ሐቡብ ሲነሳ አፍንጫችን እንዴት ይዘጋ እንደነበር አንረሳም። ነገር ግን አፍንጫ ለወራት ከተዘጋና ሽታ ከጠፋ፣ ሱዳኖች «ለሕሚያ» የሚሉት የአፍንጫ ሥጋ ሊሆን ይችላል።

መድኃኒት ካልረዳ ሐኪም ቀዶ ሕክምና ሊያዝ ይችላል። አንፍራ፤ ፊት አይቀደድም። በማደንዘዣ ተኝተን በአፍንጫ ቀዳዳ በኩል ይወጣል። ብዙዎች በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ቤታቸው ይገባሉ። አስም ያለበት ወይም አስፕሪን የማይስማማው አስቀድሞ ይናገር።

ለጥቂት ቀናት ትንሽ ደም ይኖራል፤ አፍንጫም ለአንድ ሁለት ሳምንት ይታፈናል። ሐኪም እስኪፈቅድ መናፈጥና ጀሪካን መሸከም ይቅር። ደሙ ከበረታ ወይም ዓይን ካበጠ ቶሎ ወደ ሐኪም!

ዋናው ነገር፣ ሥጋው ተመልሶ ሊያድግ ይችላል። «ድኛለሁ» ብለን የታዘዘልንን የአፍንጫ መርጫ አናቋርጥ።