ለሁሉም መንገድ የተባለው ብስክሌት

ብስክሌት መሸጫ ገብቶ «የትኛውን ልግዛ?» ብሎ ለሚጠይቅ ጀማሪ ሻጩ አብዛኛውን ጊዜ የሚጎትትለት ሃይብሪድ የሚባለውን ነው። አስፋልት ላይ ይፈጥናል፣ ኮረኮንች ላይ አይበገርም፣ ወገብ አያጎብጥም፣ ዕቃም ይጭናል ይባልለታል። በብስክሌት የኖሩ ሰዎች ደግሞ በተቃራኒው ሁለት ነገር ለመሆን ሞክሮ አንዱንም ያልሆነ አድርገው ይቆጥሩታል። እኔ በሁለቱም ፍርድ አልስማማም። ሃይብሪድ ተብለው የሚሸጡት ብስክሌቶች አንድ ዓይነት አይደሉም፤ ስሙን የሚያስከብረውና ስሙን የሚያስነቅፈው ብስክሌት በአንድ ሱቅ ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው፣ አንዳንዴም በተቀራራቢ ዋጋ ይሸጣሉ።

ታሪኩ የሚጀምረው አሜሪካ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) አሜሪካውያን ብስክሌት ላይ ተረባርበው በ1973 ብቻ 15 ሚሊዮን ያህል ገዙ። ብዙዎቹ የመረጡት ባለ ዐሥር ማርሹን፣ መሪው እንደ በግ ቀንድ ወደ ታች የተጠማዘዘውን ነበር። ለውድድር የተቀረጸ ነገር ግን ዳቦ ለመግዛት ለሚወጣ ሰው አይመችም። አንገት ያማል፣ ቀጭኑ ጎማ በየጉድጓዱ ይነጥራል። በዚያው ዘመን ካሊፎርኒያ ውስጥ በማሪን አውራጃ የሚገኙ ወጣቶች አሮጌ ባለ ወፍራም ጎማ ብስክሌቶችን እየጠጋገኑ ከታማልፓይስ ተራራ አካባቢ በአቧራ መንገድ ቁልቁል ይወርዱ ነበር። ቁልቁለቱ የኋላ ፍሬኑን ግሪስ አቃጥሎ ስለሚጨርሰው ከውድድሩ በኋላ ቁጭ ብለው እንደገና ግሪስ መሙላት ነበረባቸው። ከዚያ ጨዋታ የተራራ ብስክሌት ተወለደ፤ በ1981 ስፔሻላይዝድ «ስታምፕጀምፐር» የተባለውን በብዛት ማምረት ጀመረ።

የሚገርመው፣ ከገዙት ሰዎች ብዙዎቹ ተራራ አልወጡበትም። የወደዱት ቀና ብሎ መቀመጡን፣ ፍሬኑን እና ዳገት የሚያቀለውን ማርሽ ነበር። የማይወዱት ደግሞ ጥርሳሙ ጎማ አስፋልት ላይ እያጓራ ጉልበታቸውን ሲበላው ነው። ስለዚህ በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ አምራቾች የእሽቅድድም ብስክሌትን ትልቅ ቸርኬ ወስደው፣ የተራራውን ቀጥ ያለ መሪና ቀላል ማርሽ ጨመሩበት፤ የትሬክ «መልቲትራክ» ከቀዳሚዎቹ አንዱ ነው። የዛሬው ሃይብሪድም ከዚያ ብዙ አልራቀም። ቸርኬው ጎማው በሚቀመጥበት በኩል ሲለካ 622 ሚሊሜትር ነው፣ የጎማው ስፋት ደግሞ በአብዛኛው ከ32 እስከ 45 ሚሊሜትር ይደርሳል።

ከዝናዎቹ ሁሉ በጣም እውነት የሆነው ዳገት ማቅለሉ ነው። ለአዲስ አበባ ሰው ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ ጉዳይ የለም። ከለገሃር ተነስተው በቸርችል ጎዳና ወደ ማዘጋጃ ቤት ሲወጡ፣ በተለይ ቴዎድሮስ አደባባይን ካለፉ በኋላ፣ የሚያስፈልግዎት ፈጣን ብስክሌት ሳይሆን የሚታዘዝ ማርሽ ነው። የተለመደ ባለ ሦስት የፊት ማርሽ ሃይብሪድ ከፊት ትንሹ 28 ጥርስ፣ ከኋላ ትልቁ 32 ጥርስ አለው። በዚህ ማርሽ ፔዳሉን አንድ ዙር ሲረግጡ ብስክሌቱ 1.9 ሜትር ያህል ይሄዳል። ከፊት 34፣ ከኋላ 28 ጥርስ ያለው የእሽቅድድም ብስክሌት ግን በዚያው አንድ ዙር ከ2.5 ሜትር በላይ ይሄዳል። ሜዳ ላይ ይህ ጥቅም ነው። ዳገት ላይ ግን እያንዳንዱ ርግጫ ሲሶ ያህል ይከብዳል ማለት ነው። ጉልበት ላይ የሚመጣው ሕመምም፣ «ብስክሌት ለእኔ አይሆንም» ተብሎ መተውም ብዙ ጊዜ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

ሱቅ ውስጥ ግን ሰው ማርሽ ሲቆጥር አይታይም፤ ብስክሌቱን በአንድ እጁ አንሥቶ ክብደቱን ይመዝናል። ሃይብሪዶች በአብዛኛው ከ11 እስከ 14 ኪሎ ይመዝናሉ፤ የእሽቅድድሙ ከዚያ ያንሳል። እስቲ እናስላው። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው በ13 ኪሎ ብስክሌት ላይ ሲቀመጥ ጠቅላላው 83 ኪሎ ነው፤ በ9 ኪሎ ብስክሌት ደግሞ 79። ዳገት የሚያወጡት ብስክሌቱን ብቻ ሳይሆን ራስዎን ጭምር ስለሆነ ልዩነቱ 5 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በደረጃ ተሸክመው ወደ አራተኛ ፎቅ የሚያወጡት ከሆነ ክብደቱ ይሰማዎታል። መንገድ ላይ ግን ከክብደቱ ይልቅ ማርሹ ነው ልዩነቱን የሚያመጣው።

ፍጥነትን በተመለከተ ዝናው እውነት አይደለም፤ ይህን በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። ብስክሌተኛን ሜዳ ላይ ወደ ኋላ የሚይዘው ዋናው ነገር አየር ነው። ፍጥነት በእጥፍ ሲጨምር አየሩን ለመቁረጥ የሚያስፈልገው ኃይል ስምንት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 15 ኪሎሜትር የሚሄድ ሰው ደረቱን ቀና አድርጎ ቢቀመጥ ብዙም አይጎዳም። 30 ኪሎሜትር መድረስ የሚፈልግ ሰው ግን ያንኑ ደረቱን አየሩ እንደ ግድግዳ ይገፋበታል። በ2016 በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ጽጋቡ ግርማይን የመሰሉ ባለሙያዎች በብስክሌታቸው ላይ የሚተኙት በዚህ ምክንያት ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ስለሆነች አየሯ ከባሕር ዳርቻ ከተሞች ከአምስት አንድ እጅ በላይ የሳሳ ነው፤ ለብስክሌቱ ይቀላል፣ ለሳንባ ግን ያንሳል። ብቻ፣ በቡድን ረጅም መንገድ ለመንዳት የሚያስብ ሰው ሃይብሪድ ገዝቶ ከእሽቅድድም ብስክሌቶች ኋላ ሲቀር ብስክሌቱን መውቀስ የለበትም።

የቀጥ ያለ መሪ ሌላው ችግር እጅ ነው። እጅ የሚያርፍበት ቦታ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ከሰዓት በላይ ሲነዱ መዳፍ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ይጫናል፤ ትንሹ ጣትና የቀለበት ጣት ይደነዝዛሉ። በመሪው ጫፍ ላይ የሚታሰሩ ትንንሽ ቀንዶች ርካሽ ናቸው፤ እጅ እያፈራረቁ ለመያዝ ያስችላሉ፣ ዳገት ላይ ቆሞ ለመርገጥም ይመቻሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ፤ ወደ ሞላው። ብዙ ሃይብሪዶች የፊት ጎማውን በያዙት ሁለት እግሮች ውስጥ ሞላ ተገጥሞላቸው ይመጣሉ። ገዢው በእጁ ተጭኖ ሲወርድና ሲወጣ ያያል፤ «ይህ ነው ለእኛ መንገድ!» ይላል። ለእኛ መንገድ የሚስማማው ግን እሱ አይደለም። በርካሽ ብስክሌቶች ላይ የሚገጠመው ሞላ ብዙውን ጊዜ 63 ሚሊሜትር ያህል ብቻ ነው የሚወርደው፤ ሞላ ከሌለው ጋር ሲነጻጸርም ከአንድ ኪሎ በላይ ክብደት ይጨምራል። ዳገት ላይ ቆመው ሲረግጡ ጉልበትዎ ብስክሌቱን ወደፊት መግፋቱ ቀርቶ ሞላውን ወደ ታች ይጫናል። አቧራና ጭቃ በማሸጊያው በኩል ይገባል፣ ውስጡ ይዝጋል፣ ከተወሰነ ጊዜ በኋላም ደርቆ መንቀሳቀስ ያቆማል፤ ክብደቱ ግን ይቀራል። ከሁሉም የሚያስቆጨኝ ገንዘቡ ነው። አምራቹ በተወሰነ ዋጋ ብስክሌት ሲሠራ ለሞላው ያወጣውን ከሌላ ቦታ ይቀንሳል፤ የሚቀንሰውም ከፍሬኑ፣ ከማርሹና ከጎማው ነው። ስድስት ኪሎን አልፎ ወደ ሽሮሜዳ የሚኖር ሰው ጠዋት ቁልቁል ሲወርድ ሕይወቱን የሚያድነው ፍሬን እንጂ ሞላ አይደለም።

ንዝረትን የሚውጠው ጎማ ነው። 40 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ጎማ በልኩ ከተነፋ ኮብልስቶንን ያለ ምንም ሞላ ያስረሳል። እዚህ ላይ የሰፈራችን ጎሚስታ በቅን ልቦና ይሳሳታል፤ የመኪና ጎማ እንደሚነፋ አድርጎ እስኪደነድን ይሞላዋል። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ትልቁ ቁጥር ሊያልፉት የማይገባ ጣሪያ ነው እንጂ መሙያ ልክ አይደለም። 70 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ለ40 ሚሊሜትር ጎማ 50 ፒኤስአይ አካባቢ ይበቃል። ብዙ ሃይብሪዶች የመኪና ጎማ ዓይነት ቫልቭ ስላላቸው የትኛውም ጎሚስታ ሊነፋቸው ይችላል፤ የእሽቅድድም ብስክሌቶች ቀጭን ቫልቭ ግን ማገናኛ ይፈልጋል። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ከቤት ርቀው ጎማዎ ሲተነፍስ ግን ትልቅ ነው።

በኮሪደር ልማቱ አዲስ አበባ ውስጥ የብስክሌት መስመሮች ከተሠሩ ወዲህ የሃይብሪድ ቦታ የበለጠ ታይቶኛል። መስመሩ ላይ ሳሉ የትኛውም ብስክሌት ይሄዳል። መስመሩ ሲያልቅና ወደ ሰፈር ሲታጠፉ ግን ኮብልስቶን አለ፣ የተቆፈረ መንገድ አለ፣ በክረምት ጭቃ አለ። በአንድ ጉዞ ውስጥ ይህን ሁሉ የሚያልፍ ሰው ለዚህ የሚሆን ብስክሌት ቢፈልግ፣ ሃይብሪድ የተሠራው በትክክል ለእሱ ነው። እንጦጦ ጫካ ውስጥ በሥርና በድንጋይ ላይ መዝለል የሚፈልግ ግን ሌላ ብስክሌት ይግዛ፤ ሃይብሪዱ እዚያ ይሰበራል፣ ነጂውም ይጎዳል።

ወገኖቻችን በብዛት በሚኖሩበት በዋሽንግተን ዲሲ አካባቢም ጉዳዩ ያው ነው። ከጆርጅታውን የሚነሣው የጥንቱ የቦይ ዳር መንገድ እስከ ከምበርላንድ 297 ኪሎሜትር ይዘልቃል፤ አፈርና ጠጠር ነው፣ ዳገት የለውም ማለት ይቻላል። ከአርሊንግተን እስከ ፐርስልቪል በአሮጌ የባቡር ሐዲድ ላይ የተሠራው 72 ኪሎሜትር መንገድ ደግሞ አስፋልት ነው። ሁለቱንም ቅዳሜና እሁድ ከልጆቹ ጋር ለመንዳት ለሚፈልግ ሰው ከሃይብሪድ የሚሻል አላውቅም። ባለፉት ዐሥርና ከዚያ በላይ ዓመታት ገበያ ላይ የገነነው የጠጠር ብስክሌት ተመሳሳይ ጎማ ይዞ የተጠማዘዘ መሪ ስላለው ለረጅም ጉዞ ይበልጠዋል። ዋጋው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ያለ ነው፤ በመኪና መሃል ለሚነዳ ጀማሪም ቀና ብሎ ዙሪያውን ማየት ከፍጥነት ይበልጥበታል።

ስለዚህ ሊገዙ ካሰቡ ሞላ የሌለውን ይምረጡ። ቢያንስ 38 ሚሊሜትር ጎማ ይኑረው፤ ከኋላ ትልቁ ማርሽ ከፊት ትንሹ ጋር እኩል ወይም የሚበልጥ ጥርስ እንዳለው ቆጥረው ያረጋግጡ። ፓራፋንጎና የዕቃ መጫኛ የሚታሰርባቸው ቀዳዳዎች መኖራቸውን ይዩ። ዲስክ ፍሬን በክረምት ይመረጣል፤ በዘይት የሚሠራ ከሆነ ግን የሚያውቀው መካኒክ በአቅራቢያዎ መኖሩን አስቀድመው ይጠይቁ። ቁመትዎን የሚመጥን መሆኑንም ሳይነዱት አያውቁም። ገንዘብ ከመክፈልዎ በፊት ሻጩ ዘንድ መታወቂያዎን አስይዘው አቅራቢያው ያለውን ዳገት አንድ ጊዜ ይውጡበት፤ እንቢ ካለ ሌላ ሱቅ ይሂዱ።