የኤዲ ጌሬሮ አወዳደቅ

ባሕር ዳር ቪዲዮ ቤት ውስጥ ሬስሊንግ እያየ ያደገ ሰው አንድ ክርክር አያጣውም። «የእውነት ነው» ባዩ ደሙን ይጠቅሳል። «ትያትር ነው» ባዩ ደግሞ ዳኛው ልክ በወሳኙ ሰዓት ጀርባውን የሚሰጠው ለምንድን ነው ብሎ ይሞግታል። አግዳሚው ላይ ተጨናንቀን የተቀዳ ሲዲ እያየን ክርክሩ ሳይቋጭ ሲዲው ያልቅ ነበር። ይህን ክርክር እንደ ገና እንዳስበው ያደረገኝ የሬስለሩ የኤዲ ጌሬሮ ሞት ነው። ኅዳር 4 ቀን 1998 ዓ.ም. ሚኒያፖሊስ በሚገኝ ሆቴል ክፍሉ ውስጥ ሕይወቱ አለፈ። ገና 38 ዓመቱ ነበር።

ስንቴ «ሲሞት» አይተነው የተነሣ ሰው፣ አንድ ቀን የምሩን ሲሞት ለምን እንዲያ አመመን? መልሱ ያለው በጨዋታው አሠራር ውስጥ ነው።

የመጀመሪያው ነጥብ ቀላል ነው፤ ውጤቱ ስምምነት ነው። ይህን ኤዲ በኋላ የሠራበት የአሜሪካ የሬስሊንግ ኩባንያ ራሱ በ1981 ዓ.ም. ለኒው ጀርሲ የሕግ አውጪዎች አምኗል። ሬስሊንግ ውድድር ሳይሆን መዝናኛ ነው ያለው ከስፖርት ተቆጣጣሪዎች ቁጥጥርና ክፍያ ለመውጣት ነበር። ማን እንደሚያሸንፍ አስቀድሞ ይወሰናል፤ መሐሉን ሁለቱ ተጋጣሚዎች ሪንግ ላይ በጆሮ እየተንሾካሾኩ ያስኬዱታል፤ ዳኛውም መልእክት ያቀባብላል። እዚህ ላይ «ትያትር ነው» ባዩ ረትቷል።

ሁለተኛውን ነጥብ ግን የሚረታው ሌላኛው ወገን ነው። ከሪንጉ ሸራ ሥር ያለው ስስ ስፖንጅ ነው፤ ከስፖንጁ ሥር ጣውላ፣ ከጣውላው ሥር ብረት። ሬስለር መጀመሪያ የሚማረው መምታትን ሳይሆን መውደቅን ነው፤ አገጩን ደረቱ ላይ አጣብቆ፣ ትንፋሹን አውጥቶ፣ በጀርባው የላይኛ ክፍል ጠፍጠፍ ብሎ ማረፍን። ይህ ጉዳቱን ይበትነዋል እንጂ አያጠፋውም። አንድ ምሽት ብዙ ጊዜ ይወደቃል፤ በማግስቱ ሌላ ከተማ ላይ ይደገማል። እንደ እግር ኳስ የውድድር ዘመኑ አልቆ የሚታረፍበት ወቅትም የለም። ውጤቱ የታቀደ ነው፤ አወዳደቁ ግን የእውነት ነው።

ኤዲ ይህን አወዳደቅ የወረሰው ከቤቱ ነው። በ1960 ዓ.ም. መባቻ ኤል ፓሶ ቴክሳስ ተወለደ። አባቱ ጎሪ ጌሬሮ በሜክሲኮ ስመ ጥር ታጋይ ነበር፤ ሦስት ታላላቅ ወንድሞቹም በዚያው ሙያ ያደሩ ናቸው። ቁመቱ 1 ሜትር ከ73 ገደማ ነው፤ ግዙፋን በሚነግሡበት ሙያ አጭር። ስለዚህ መሣሪያው ብልጠት ሆነ።

ከብልጠቱ ሁሉ የሚወደደው የወንበሩ ነው። ዳኛው ፊቱን ሲያዞር ኤዲ የብረት ወንበር ያነሣል። ተመልካቹ ሊመታበት ነው ብሎ ይጠብቃል። እሱ ግን ወንበሩን ለባላጋራው ይወረውርለታል፤ ያም ሳያስበው ይቀልበዋል። ወዲያው ኤዲ እንደ ተመታ ሰው ራሱን ይዞ ይዘረራል። ዳኛው ዞር ሲል የሚያየው አንድ የወደቀ ሰውና አንድ ወንበር የጨበጠ ሰው ነው። መጋቢት 5 ቀን 1996 ዓ.ም. በኒው ዮርኩ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ከኩርት አንግል ጋር ሲገጥም ደግሞ የጫማውን ማሰሪያ ቀስ ብሎ ፈታ። አንግል ቁርጭምጭሚቱን ይዞ ሊጠመዝዝ ሲል ጫማው ወልቆ እጁ ላይ ቀረ። ኤዲም ግራ የተጋባውን ሰው ጠቅልሎ፣ ትከሻውን ወለሉ ላይ ይዞ፣ ዳኛው ሦስት እስኪቆጥር ጠብቆ አሸነፈ።

ለጣና ዳር ሰው ይህ ዓይነቱ ጀግና ባዕድ አይደለም። አለቃ ገብረ ሃና ከሐይቁ ምሥራቅ፣ ከፎገራ ናቸው። የተክሌ የሚባለውን የአቋቋም ስልት ከጣና ማዕበልና ከደንገሉ መወዛወዝ አይተው እንደ ፈጠሩት ይነገራል። ሕዝቡ አብዝቶ የሚያስታውሳቸው ግን በቀልዳቸው ነው። ጨዋታቸውን ሺህ ጊዜ የሰማ ሰው መጨረሻውን እያወቀ ይስቃል፤ ምክንያቱም የሚሸወደው ብዙውን ጊዜ ባለጠጋው ወይም ባለሥልጣኑ ነው። ኤዲን እንዋሻለን፣ እናጭበረብራለን፣ እንሰርቃለን እያለ ስንወደው የኖርነውም በዚሁ ሕግ ነው፤ የሚያጭበረብረው ከእሱ የሚገዝፈውን ነው። በዚያ ላይ ሜክሲኳውያን የሚሰደቡበትን «ሌባ» የሚል ስም እሱ ራሱ አንሥቶ መሣቂያ አደረገው። ስድቡን ለተሳዳቢው አልተወለትም።

ከቀልዱ በስተጀርባ ግን ሌላ ታሪክ ነበር። የሕመም ማስታገሻና መጠጥ ሱስ ሆኖበት፣ በ1994 ዓ.ም. ጠጥቶ ሲያሽከረክር ተይዞ ከሥራው ተባረረ። ሱሱን ትቶ፣ በትንንሽ መድረኮች ሠርቶ ተመለሰ። የካቲት 7 ቀን 1996 ዓ.ም. ሳን ፍራንሲስኮ አጠገብ ከ130 ኪሎ በላይ የሚመዝነውን ብሮክ ሌስናርን ረትቶ የዓለም ቀበቶውን አነሣ። ከላይኛው ገመድ ዘሎ፣ አየር ላይ እንደ እንቁራሪት ታጥፎ ተዘርግቶ፣ በሆዱ ወደቀበት። እዚህ ላይ «ውጤቱ የታቀደ ነው» ማለት ብዙም ክብደት የለውም። ከሱስ ለተመለሰ ሰው ያን ቀበቶ መስጠት ኩባንያው በእሱ ላይ የጣለው እምነት ነውና፣ ኤዲ ያለቀሰው የምሩን ነው።

አስከሬኑ ሲመረመር የሞቱ ምክንያት የልብ ድካም ሆነ፤ የልቡ የደም ሥሮች ጠብበው ነበር። ሲሞት ከሱስ ከራቀ አራት ዓመት ሆኖት ነበር፤ ሰውነቱ ግን ያለፈውን አልረሳም። ጥፋቱን ሁሉ በሪንጉ ላይ መጫን አይቻልም። ሆኖም ሰንሰለቱ ግልጽ ነው፤ መውደቅ ሕመም ያመጣል፣ ሕመም ማስታገሻ ይፈልጋል፣ ማስታገሻው ሱስ ይሆናል፣ ትልቅ ሰውነት የሚሸለምበት ገበያም ጡንቻ ማፋፊያ መድኃኒት ያስወስዳል። ሬስለሩ ኡማጋ በ2002 ዓ.ም. በልብ ሕመም ሲሞት 36 ዓመቱ ነበር። ሌላው ሬስለር ብሬይ ዋያትም በ2015 ዓ.ም. ነሐሴ ላይ ልቡ ቀጥ ሲል ዕድሜው ያው 36 ነበር።

በኤዲ ሞት ማግስት በተላለፈው ዝግጅት ባላጋራ የተባሉት ሁሉ ጎን ለጎን ቆመው አለቀሱ፤ ደወሉ አሥር ጊዜ ተደወለ። ያ ለቅሶ በእኛ አገር ደንብ እንኳ የሚያስነቅፍ አልነበረም። ሦስት ወር ገደማ ሳይቆይ ግን ኩባንያው ሞቱን የጠብ መነሻ አድርጎ፣ ሬስለሩ ራንዲ ኦርተን «ኤዲ ሲኦል ነው» እንዲል አደረገው። ሙት ወቃሽነት በሚጠላበት አገር ላደገ ተመልካች ይህ በትያትር ስም የማይታለፍ ነው። ኤዲ ራሱ ሟችን የሚያስታውሰው በሌላ መንገድ ነበር። ያ የእንቁራሪት ዝላይ በ1987 ዓ.ም. የሞተው ጓደኛው የአርት ባር ነበር፤ ለመታሰቢያው ብሎ የራሱ አደረገው።

ከሞቱ በኋላ፣ በየካቲት 1998 ዓ.ም.፣ ኩባንያው የመድኃኒትና የልብ ምርመራ ሥርዓት ጀመረ። ሬስለሮቹን ግን ዛሬም የሚያስፈርማቸው እንደ ቋሚ ሠራተኛ ሳይሆን እንደ ግል ኮንትራክተር ነው። ስለዚህ የቪዲዮ ቤቱ ክርክር ጥያቄው ራሱ ጎደሎ ነበር። የእውነት ነው ወይስ የውሸት ከማለት ይልቅ፣ እነዚህ ሰዎች በዓመት ስንት ሌሊት ይወድቃሉ፣ ሲጎዱስ ማን ያሳርፋቸዋል ማለት ነበረብን። የኤዲ አድናቂ ነኝ የሚል ሰው ዛሬ ሪንግ ላይ ላሉት ሊጠይቅላቸው የሚገባው ይህንኑ ነው።